የዳኮታዋ እምብርት

ጆሮ ስጡኝ፤ ከካርቶኑ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት የዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። እኛ ሰፈር፣ ሳን ሊያንድሮ፣ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ጋራዡ ደጃፍ ዘርግቶ ይሸጣል። የእህቴን ልጅ አስከትዬ ስዞር፣ ከአሮጌ መጥበሻና ከሕፃን ጋሪ መሐል ማዕዘኑ የተጨማደደ ካርቶን ዓይኔን ያዘው። ክዳኑ ላይ ሁለት ሞተር ያላት፣ ሆዷ ሞላ ያለ አውሮፕላን ደመና ሰንጥቃ ትመጣለች። ዳኮታ! የሚሸጡት አሮጊት «ባለቤቴ እሠራታለሁ እያለ ሠላሳ ዓመት አስቀመጣት፤ ሳይሠራት ሞተ» አሉኝ። ሦስት ዶላር ከፍዬ ካርቶኑን ለልጅቷ አሸከምኳት።

ዳኮታ ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፏት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጀመሪያ በረራው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባው በእሷ ነው። ትክክለኛ ስሟ ሲ-47 ይባላል፤ ዲሲ-3 የምትባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ወታደር እህት ናት። ዳኮታ ያሏት እንግሊዞች ናቸው። ዲሲ-3 ደግሞ የዚሁ የካሊፎርኒያ ልጅ ነች፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ሳንታ ሞኒካ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። አባቴ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ጎንደር በእሷ ሄዷል። ዕድሜ ልኩን ሲያወራው የኖረው ግን ስለ በረራው ሳይሆን ስለ ወለሉ ነው። ዳኮታ መሬት ላይ ስትቆም ጭራዋን ጥላ አፍንጫዋን ሽቅብ ታነሳለችና፣ መንገደኛው ወደ ወንበሩ የሚሄደው ዳገት እየወጣ ነበር። «ሳልበር ተራራ ወጣሁ» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ቤት ገብተን ካርቶኑን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈትነው። ውስጡ ብርማ ፕላስቲክ ነው፤ ክንፉ፣ ጭራው፣ ጎማው፣ የሞተሩ ጥርስ ሁሉ በቅርንጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ፍሬ በቀጭን ዘንግ ተያይዟል። ልጅቷ አንዱን ቅርንጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አገላበጠችው።

«አጎቴ፣ ይሄን ማን ሠራው?»

የካርቶኑን ጎን አሳየኋት፤ የኩባንያው ስም ተጽፏል።

«እሱንማ አነበብኩት። ሰውየውን ነው የምጠይቅህ።»

የዛሬው ትረካዬ ለዚያ ጥያቄ የሰጠኋት መልስ ነው። በአንድ ቅዳሜ አላለቀም፤ አምስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

መጀመሪያ የነገርኳት ስለምንኖርባት ከተማ ነበር። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ዱሊትል ድራይቭ የሚባል ጎዳና አለ፤ የኦክላንድን አውሮፕላን ማረፊያ ታክኮ ሳን ሊያንድሮ ይገባል። ስሙ የጂሚ ዱሊትል ነው፤ እዚሁ ማዶ አላሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1896 የተወለደ አብራሪ። በ1942 በእሱ መሪነት ቶኪዮንና ሌሎች የጃፓን ከተሞችን የደበደቡት አሥራ ስድስቱ ቢ-25 አውሮፕላኖች ሆርኔት የምትባለው መርከብ ላይ በክሬን የተጫኑት በትውልድ ከተማው ወደብ ነበር። አብራሪዋ አሜሊያ ኤርሃርትም ዓለምን ልትዞር በመጋቢት 1937 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳችው ከዚሁ ከኦክላንድ ነው። ልጅቷ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድ እነዚህ ሰዎች የረገጡት መሬት እንደሆነ ስነግራት ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

ሳን ሊያንድሮ የብረት ከተማም ናት። ድሮ በቼሪ እርሻዋ ትታወቅ ነበር፤ ቀጥሎ ግን የቤስት የትራክተር ፋብሪካ እዚህ ነበር። ያ ድርጅት በ1925 ሆልት ከሚባል ሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ነው ካተርፒላር የተባለው። እኛ አገር መንገድ ሲቀድ ያየነው ያ ቢጫ ዶዘር ሥሩ ሲቆፈር አንዱ ጫፍ እዚህ ይደርሳል። ፍራይደን የሚባለው የሒሳብ ማሽንም እዚሁ ይሠራ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች ሳይሳሳቱ የሚነካከሱበት ማሽን። ይህን የማነሳው በከንቱ አይደለም። ተገጣጣሚ አውሮፕላን የአሻንጉሊት ሥራ ይመስላል እንጂ ከእነዚህ ከብረት ቆራጮች ቤት የወጣ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አቃቂ ቃሊቲ በኩል አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ኢንጀክሽን ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። ጆግ፣ ሳፋ፣ የውሃ ኩባያ እናወጣ ነበር። ቤታችሁ ያለውን የፕላስቲክ ጆግ ገልብጣችሁ ቂጡን ዳብሱት። መሐሉ ላይ አንዲት ሻካራ ነጥብ ታገኛላችሁ። ቀልጦ የመጣው ፕላስቲክ ወደ ሞልዱ የገባው በእሷ በኩል ነው። እኛ እምብርት እንላት ነበር። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ደግሞ ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ የምትሄድ ቀጭን መስመር ያስታውሳል፤ የሞልዱ ሁለት ግማሾች የተገናኙባት ስፌት ናት። በኢንጀክሽን የወጣ የፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ይዞ ይወለዳል፤ እምብርትና ስፌት።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ቅርንጫፉን አቅርባ አየችው። «ስለዚህ ይሄ ዘንግ እትብት ነው!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ስሙ እትብት ሆኖ ቀረ።

ሞልድ ያልኩት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ፎርማ ይለዋል። የአገራችን አንጥረኛ የነሐስ መስቀል ሲያፈስ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶው ቦታ ነሐስ ይጠጣል። ሰምና ወርቅ የምንለው ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። መስቀሉ እንዲወጣ ግን ጭቃው ይሰበራል። አንድ ፎርማ፣ አንድ መስቀል። የፋብሪካ ሞልድ አይሰበርም። ከብረት የተቆረጡ ሁለት ወፍራም ብሎኮች ናቸው፤ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይከፈታሉ፣ እንደገና ይገጥማሉ። መቶ ሺህ ጊዜም ከዚያም በላይ።

መከፈቱ ነው ችግሩን የሚያመጣው። ብሎኮቹ የሚላቀቁት በቀጥታ መስመር ነውና በመካከላቸው ያለው ዕቃ ሳይያዝ መውጣት አለበት። የአውሮፕላን ገላ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ጫፎቹ የጠበቡ ቱቦ ነው፤ እንዲህ ያለ ቱቦ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ከሁለት ብሎክ መሐል አይላቀቅም። ስለዚህ ገላው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግራና ቀኝ። ክንፉም ላይና ታች ይሆናል። ጎኖቹ ሁሉ ለዓይን በማይታይ መጠን ጋደል ይላሉ፤ ቀጥ ብለው ከቆሙ ሲወጡ ይቧጨራሉ። ወፍራም ቦታ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ግድግዳው ሁሉ ስስና እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ልጆች ሙጫ ይዘው የሚያጣብቁት የገላ መስመር ለመጫወቻ ተብሎ የተበጀ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ያዘዘው ነው።

ሞልድ ሠሪ ዓለምን ገልብጦ የሚያይ ሰው ነው። ጉብታ የሚሆነውን ይቆፍራል፤ ጎድጓዳ የሚሆነውን ያቆማል፤ ግራውን በቀኝ ይሠራል። ድሮ ሥራው የሚጀመረው ከእንጨት ነበር። የአውሮፕላኗን ክፍል ከተገጣጣሚዋ በብዙ እጥፍ አግዝፈው ይቀርጻሉ፤ ከዚያ ፓንቶግራፍ የሚባል መሣሪያ ይመጣል። አንደኛው ክንዱ ትልቁን ቅርጽ ሲዳስስ፣ ሌላኛው ክንዱ ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሶ ብረት ይቆፍራል። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የእንጨቱን ጎን በመርፌው ይዳብሳል። ከወራት በኋላ ብረቱ ውስጥ የተገለበጠች አውሮፕላን ትታያለች።

የእኛ ዳኮታ በዚያ ዘመን የተሠራች መሆኗ ክንፏን ስትዳብሷት ይታወቃል። ልጅቷን ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን እንድታስኬድ አደረግኋት። «እንደ ብርድ ያነሳው ቆዳ ነው» አለች። በመቶ የሚቆጠሩ የሪቬት፣ ማለትም የቆርቆሮ ማያያዣ ሚስማር ራሶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጎልተው የወጡ ጥቃቅን ነጥቦች። አሁን ገልብጣችሁ አስቡት። ፕላስቲኩ ላይ ጉብታ የሆነው ነጥብ ብረቱ ላይ ጉድጓድ ነበር፤ ያም ማለት አንድ ሰው እያንዳንዱን በተራ ወግቶታል። የቆርቆሮው መጋጠሚያ መስመርም እንዲሁ ጎልቶ የወጣው ሞልድ ሠሪው ብረቱን በመጫሪያ ስለሰነጠቀው ነው። ወደ ውስጥ የገባ መስመር ለማውጣት ግን ብረቱ ላይ ፀጉር የምታክል ግድግዳ ማቆም፣ ለዚያም ዙሪያዋን ያለውን ሁሉ ማንሳት ይጠይቃል። በድሮ መሣሪያ ያ ከባድ ነበር። ዛሬ ሥዕሉ በኮምፒውተር ይሠራል። ኮምፒውተር የሚመራው መቁረጫ ብረቱን ይቆርጠዋል፤ መቁረጫ የማይደርስበትን ጠባብ ማዕዘን ደግሞ ከመዳብ ወይም ከግራፋይት የተሠራ ቅርጽ ዘይት ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየበላ ያወጣዋል። መስመሮቹ ወደ ውስጥ ገብተው እንደ ክር የቀጠኑት ከዚህ ወዲህ ነው። እኔ ግን የድሮዎቹን ነጥቦች እወዳቸዋለሁ። የሰው እጅ ቆጥሯቸዋል።

መጠኑስ ከየት መጣ? ካርቶናችን ላይ 1/72 ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ያኔ በኢንችና በጫማ ነበር የሚለኩት፤ ስድስት ጫማ ቁመት ያለው ሰው በዚህ መጠን ልክ አንድ ኢንች ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ የፕላስቲክ ተገጣጣሚ አውሮፕላኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዝ ውስጥ ፍሮግ ፔንግዊን ተብለው የወጡት፣ በዚህ መጠን ነበሩ። በ1942 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የየትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ግማሽ ሚሊዮን የእንጨት አውሮፕላን ሠርታችሁ ስጡኝ ብሎ ጠየቀ፤ ወታደሩ የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን ከጥላው እንዲለይ መማሪያ ነው። መጠኑ 1/72፣ ቀለሙ ጥቁር። እናም ክንፏ ተዘርግቶ 29 ሜትር የሚሆነው ዳኮታ እኛ ጠረጴዛ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ሆነች።

የፍሮግ ፕላስቲክ ጊዜ ሲቆይ ይጣመም ነበር። መላው የተገኘው ፖሊስታይሪን ሲመጣ ነው። የእርጎ ኩባያ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ ቀልጦ እንደ ማር ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይጠብቃል፣ በሙጫ ደግሞ ይዋሃዳል። ማሽኖቹም ቀድመው ነበሩ። ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ኒኮላስ ኮቭ የሚባል የሃንጋሪ ሰው በ1939 ያቋቋመው፣ በኢንጀክሽን ማሽን ማበጠሪያ ያወጣ ነበር። በ1949 ለፈርጉሰን ትራክተር ሻጮች ትንሽ የፕላስቲክ ትራክተር ሠራ፤ በ1952 መርከብ፤ በ1953 ስፒትፋየር የተባለችውን ተዋጊ አውሮፕላን። ፀጉር የሚያበጥረውን ያወጣው ማሽን ክንፍ ማውጣት ጀመረ ማለት ነው። በዚያው ዘመን እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ ቬኒስ ሰፈር፣ ሬቬል የሚባል ኩባንያ ሚዙሪ የተባለችውን የጦር መርከብ አወጣ። የእኛዋን ዳኮታ ኤርፊክስ በ1960 ሠራት፤ በ2014 ደግሞ አዲስ ሞልድ ቆርጦ እንደገና ሠራት።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። የማሽኑ አናት ላይ እንደ ወፍጮ ያለ አፍ አለ፤ ጥሬ ዕቃው እንደ ሩዝ የደቀቀ ፍሬ ሆኖ በእሱ ይገባል። ከታች የጋለ በርሜል፣ በርሜሉ ውስጥ እንደ ስጋ መፍጫ የሚሽከረከር ብሎን አለ። ፍሬው እየተገፋ ከ200 ዲግሪ በላይ ግሎ ይቀልጣል። ሁለቱ ብሎኮች በመቶ ቶን በሚቆጠር ኃይል ተጨምቀው ይዘጋሉ። ብሎኑ ወደ ፊት ይወረወርና የቀለጠው ፕላስቲክ በእትብቶቹ በኩል ወደ እያንዳንዱ ክፍል ይሮጣል፤ ሁሉም እኩል መሙላት አለባቸው። የራቀው ጎማ ከመሙላቱ በፊት የቀረበው ክንፍ ከደረቀ፣ ጎማው ግማሹን ይቀራል። የእትብቱን ውፍረትና መንገድ የሚወስን ሰው እንደ መስኖ አባት ነው፤ ከላይ ያለው እርሻም ከታች ያለውም በአንድ ሰዓት ውሃ እንዲጠጡ ያደርጋል። ብረቱ ውስጥ ለውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞራል። በሴኮንዶች ይረጋል። ብሎኮቹ ይከፈታሉ፣ ከብረቱ ውስጥ ጣት የሚመስሉ ዘንጎች ብቅ ብለው ይገፉታል፣ ሞቅ ያለ ቅርንጫፍ ዱብ ይላል። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ።

ገላውን ወደ ውስጥ ብታዩት ክብ ክብ የሆኑ አሻራዎች አሉ። የእነዚያ ዘንጎች ጣት ነው። ጎበዝ ሞልድ ሠሪ ጣቶቹን ዓይን በማይደርስበት በኩል ያስቀምጣቸዋል።

ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ፖሊስታይሪን ከሺህ አምስት ያህል ያንሳል። ትንሽ ነው አትበሉ። በእኛ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ብረቱ የሚቆረጠው ከሚፈለገው ተለቅ ተደርጎ ነው። የፎርማ ልክና የዕቃ ልክ አንድ አይደለም፤ ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እኛው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል።

አቃቂ ሳለሁ ሞልዶቹ ከውጭ ነበር የሚመጡት። አንድ ቀን የጆጉ ሞልድ ተሰነጠቀ። ማሽኑ ደህና፣ ጥሬ ዕቃው ሞልቶ፣ ሠራተኛው ቆሞ፣ ለሁለት ወር አንድ ጆግ አልወጣም። የቶርኖ ባለሙያ ተፈልጎ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ። የተሰነጠቀውን ብረት በባትሪ እያዩ በምላሳቸው ጠጥ ጠጥ አሉ፤ «ልጄ፣ ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ ይሄ ግን የሰው ዓይን ነው» አሉኝ። ብረቱን ሞልተው፣ በእጃቸው እየፋቁ፣ ቀናትን ፈጅተው አስተካከሉት። ከዚያ በኋላ የወጣው ጆግ ሁሉ ጎኑ ላይ አንዲት ጠባሳ አለችው። ዛሬም አዲስ አበባ ሄጄ የሰው ቤት ስገባ ጆግ አገላብጣለሁ።

የጥሩ አውሮፕላን ሞልድ ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጀምርና ከመቶ ሺህ ያልፋል። ለዚህ ነው ኩባንያ ሲሞት ሞልድ የማይሞተው። ኤርፊክስ ከስሯል፣ ተሸጧል፣ እንደገና ከስሯል፤ በ2006 ሆርንቢ የሚባለው ገዛው። በዚህ ሁሉ መሐል ብረቶቹ ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ሄደዋል፣ ተመልሰዋል፤ በኋላም ብዙዎቹ ተገጣጣሚዎች ህንድ ውስጥ ይወጡ ጀመር። እዚህም ሬቬልን ይዞት የነበረው ድርጅት በ2018 ሲወድቅ፣ አትላንቲስ የሚባል የኒው ዮርክ ኩባንያ ብዙ አሮጌ ሞልዶች ገዛ። በ1950ዎቹ የተቆረጠ ብረት ዛሬም ትኩስ ፕላስቲክ ይጠጣል። የቆረጠው ሰው ግን የካርቶኑ ጎን ላይ ስሙ የለም።

ስሙ የታወቀ ሠዓሊ አለ። ሮይ ክሮስ ይባላል፤ ከ1964 ጀምሮ የኤርፊክስን የካርቶን ክዳኖች የሳለ እንግሊዛዊ ነው። ጭሱን፣ እሳቱን፣ ባሕሩን እንዳየ አድርጎ ይስለው ስለነበር ብዙ ልጅ አውሮፕላኑን የገዛው በሥዕሉ ተማርኮ ነው። መቶ ዓመት ኖሮ በ2024 አረፈ። ይገባዋል፤ አልነፍገውም። ግን የእኔ ልብ ወደ ብረት ቆራጩ ያደላል።

ማሸጉ አጭር ነው፣ ጥንቃቄው ግን አጭር አይደለም። ቅርንጫፎቹ በተራ ይለቀማሉ፤ እንዳይፋተጉ በከረጢት ይገባሉ። መስታወቶቹ፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፉት ክፍሎች፣ ለብቻቸው ይታሸጋሉ፤ ፕላስቲኩ ንጹሕ የሆነው ያህል ተሰባሪ ነው፣ ጭረትም አይሰውርም። የአየር መንገዱ ስምና ዓርማ በስስ ቀለም ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ውሃ ሲነካው ተንሸራቶ ይወርዳል። ያ ወረቀት እርጥበት አይወድም፤ በቀጭን ወረቀት ይሸፈናል። የመገጣጠሚያው ሥዕል ይታጠፍና ከላይ ይደረጋል። የጎደለ እንዳለ ለማወቅ ሳጥኑ ሚዛን ላይ የሚያልፍበት ፋብሪካ አለ፤ ጥቂት ግራም ካነሰ ወደ ኋላ ይመለሳል። አብዛኛው ግን የሰው እጅ ነው፤ መስመር ላይ የተቀመጡ ሴቶች እጅ፣ አንዱን ሳያዩ ሌላውን የሚያነሳ እጅ። አቃቂም እንደዚያው ነበር።

የእኛ ካርቶን ግን ከፋብሪካ ሳይሆን ከሟቹ ሰውዬ ቁም ሣጥን ነው የመጣው። ለሠላሳ ዓመት ስንቴ ተከፍቶ ስንቴ ተዘግቷል! በሦስተኛው ቅዳሜ ገላውን አጣብቀን የአብራሪዎቹን መስታወት ብንፈልግ የለም። የመስታወቱ ከረጢት ባዶ ነው። ልጅቷ ካርቶኑን ገልብጣ አራገፈችው፤ አንድ የሞተ ጉንዳን ወደቀ።

እሷ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። የጠየቀችኝን ሰው አሁን በእጄ ላሳያት ነውና።

ከመጥረጊያ እንጨት አንድ ቁራጭ ቆረጥን። የአፍንጫዋን ክፍተት በማስመሪያ ለካን፤ እንጨቱን በቢላ ቀርጸን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው። ከካርቶኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል እያየች ግንባሩን ሁለት ጊዜ ሰበረችው፤ የዳኮታ መስታወት መሐሉ ላይ እንደ አገጭ ይሾላል። የእንጆሪ መያዣ የሆነውን ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን ቆርጠን በሁለት የእንጨት ፍሬም መሐል በሚስማር ወጠርነው። ምድጃው ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ይወጠራል፣ ከዚያ መሐሉ እንደ ሊጥ ወደ ታች መንጠልጠል ይጀምራል። «አሁን!» አልኩና እንጨቱ ላይ ጫንኩት። ተስቦ ለበሰው። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ደረቀ።

የመጀመሪያው ተጨማደደ። ሁለተኛው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ወጣ። በምላጭ ቆርጣ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ገላው ላይ አስቀመጠችው። በሁሉም በኩል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ጎኑ እንደ ሰፊ ባርኔጣ ወጥቷል።

«በትክክል ነበር እኮ የለካነው!» አለች።

ዝም አልኳት። እንጨቱን አነሳችው፤ መስታወቱን አለበሰችው፤ አወለቀችው። ጣቷን ከውጭ፣ ከዚያ ከውስጥ አስኬደች። ቆየች። «አጎቴ፣ ፕላስቲኩ ራሱ ውፍረት አለው። የለካነው ከውጭ ነው፤ እንጨቱ ግን ከውስጥ ነው ያለው። ቢላችንም አትርፎ ነው የቆረጠው። ፎርማው ማነስ ነበረበት።»

ከዚያ በኋላ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ቀን ፋቀችው። እየለበሰች፣ እየለካች፣ እንደገና እየፋቀች። አራተኛው ገጠመ። የተለመደው ሙጫ ግልጽ ፕላስቲክ ሲነካ ጉም ያለብሰዋልና የተማሪ ነጭ ሙጫ ነው የተጠቀምነው፤ ሲደርቅ ይጠራል። ትንንሾቹን የመንገደኛ መስኮቶችም በዚያው ሙጫ ሞላናቸው፤ በጥርስ መፈቅፈቂያ ጠርዙን ዙራችሁ ሙጫውን ስትስቡት እንደ ሳሙና አረፋ ይወጠራል፣ በማግስቱ መስኮት ይሆናል። አባቴ ዳገት ወጥቶ የተቀመጠው ከአንደኛው መስኮት አጠገብ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም፤ እሷ ከክንፉ ኋላ ያለውን መረጠችለት።

በአምስተኛው ቅዳሜ ዳኮታ በሦስት ጎማዋ ቆመች፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አንስታ። መደርደሪያ ላይ ላስቀምጣት ስል ልጅቷ የእንጨቱን ፎርማ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«እንዳትጥለው፤ ሌላ ዳኮታ ብናገኝስ?»

ትንሽ ቆየችና ደግሞ ስለ ፀሐይ ጠየቀችኝ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. አገሯ የገባችው አውሮፕላን ናት። ዜናውን ከእናቷ ጋር አይታዋለች። ካርቶኗ የት እንደሚሸጥ ነበር ጥያቄዋ። ሳልመልስላት፣ የቀረውን የመጥረጊያ እንጨት ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣችና ርዝመቱን በማስመሪያ መለካት ጀመረች።